አሮጌ መኪናን በቤት ማደስ፦ ከመጀመሪያው ፍተሻ እስከ መጀመሪያው ጉዞ

ሳይጠናቀቁ የቀሩ የመኪና እድሳቶች አብዛኞቹ የቆሙት በሙያ እጥረት አይደለም። መፍታት ቀላል ነው፤ ደስም ይላል። ሰው በጋለ ስሜት መኪናውን ይበታትነዋል፤ ካርቶኖቹ ከሞሉ በኋላ ግን የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ይጠፋዋል። ሌላው ደግሞ መኪናው ቶሎ እንዲያምርለት ቀለም ያስቀባና፣ የበሰበሰውን ወለል ለመበየድ ሲነሳ አዲሱ ቀለም ተቃጥሎ ይላጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በቅደም ተከተል ላይ ነው፦ መዝገብ ከመፍቻ ይቀድማል፣ ብረት ከቀለም ይቀድማል፣ ፍሬን ከሞተር ይቀድማል።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከቮልስዋገን ቢትል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ አብዛኛው መለዋወጫው ዛሬም በአዲስ ይገኛል። በቤቱ እድሳት ለሚጀምር ሰው ከእሱ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ዘዴው ግን ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናል።

1. ከመግዛት በፊት፦ ሥሩን እዩ

ሞተር ይጠገናል፤ ካምቢዮ ይቀየራል። ጊዜና ገንዘብ የሚበላው የበሰበሰ ቦዲ ነው። ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ የሞተሩን ድምፅ ከማዳመጣችሁ በፊት ተንበርክካችሁ ሥሩን እዩ። የእጅ ባትሪ፣ ማግኔትና ካቻቢቴ ይበቃሉ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቦዲው ላይ አንሸራትቱት፤ ጤነኛ ላሜራ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ስቱኮ በወፍራሙ የተለቀለቀበት ቦታ ሲደርስ ይላላል ወይም ይወድቃል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ደግሞ በካቻቢቴው ጫፍ የሥሩን ብረት ጫን ጫን እያላችሁ ፈትሹ። ጤነኛ ብረት አይበገርም፤ የበሰበሰው ይሰረጉዳል፣ አንዳንዴም ይበሳል።

ዝገት ውሃና ጭቃ ተጠራቅሞ የማይደርቅበትን ቦታ ይመርጣል፦ ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚሄደውን ሳጥን መሰል ብረት (ከዚህ በኋላ የበር ደፍ እለዋለሁ)፣ የወለሉን ጥግ፣ የክሪክ መደገፊያውን፣ የጎማ ቤቱን ውስጠኛ ከንፈር፣ የፊት መስታወቱን ጎሚኒ ዙሪያ። በቢትል ላይ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል መጀመሪያ እዩ። የባትሪ አሲድ እየተንጠባጠበ ሲበላው ኖሯል። የበር ደፎቹም ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ሳሎን የሚያሳልፉ ቱቦዎች ስለሆኑ ከውስጥም ከውጭም ይዝጋሉ።

መኪናው በምን ላይ እንደቆመ ማወቅም ያስፈልጋል። የቢትል ቦዲ በወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1959 እንደወጣችው ሚኒ ያሉት ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሸክሙን ይችላል። በእንዲህ ያለ መኪና የበር ደፍ መበስበስ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ መኪናው ከመሃሉ መጉበጥ ይጀምራል። በሩን ክፈቱና ዝጉ፤ ካነሳችሁት በኋላ ብቻ የሚገጥም ከሆነ፣ በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ አካሉ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የላንድ ሮቨር ሲሪዝ ቦዲ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ አይዝግም ብላችሁ አትዘናጉ። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፣ ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲም በራሱ መንገድ ይዝጋል።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። በቢትል ላይ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሃለኛው የወለል ጉብታ ላይ ተመትቷል። ይህን ቁጥር በእድሳቱ ጊዜ ግራይንደር አይንካው፤ በሕግ ፊት መኪናውን መኪና የሚያሰኘው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ይጠበቅባችኋል። መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ቀለምና የወንበር ልብስ ቢደበዝዝም ጤነኛ ከሆነ፣ ሁሉን ገፎ አዲስ ማድረግ ማደስ አይመስለኝም። አጽድቶ፣ ሜካኒኩን አስተካክሎ፣ ያለውን ጠብቆ መንዳት ለመኪናውም ለታሪኩም የተሻለ ነው። ብረቱ ሲበሰብስ ወይም ቀደም ሲል በመጥፎ ሁኔታ ሲጠገን ነው እስከ ባዶ ላሜራ መውረድ የሚገባው።

2. ቦታውና አደጋዎቹ

የተፈታ መኪና ከተገጠመው እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። መደርደሪያ ከሌላችሁ መፍታት አትጀምሩ።

ከመሣሪያ ውስጥ ጥሩ የመፍቻ ስብስብ፣ ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ የኮምፕረሽን መለኪያ፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለኩበት ስስ ብረት)፣ ግራይንደርና አራት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) የግድ ናቸው። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይግባ። ጡብም ሊተካው አይችልም፤ ጭነት ሲበዛበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሳታነቡ አትለፉት፤ አሮጌ መኪና አዲስ መኪና የሌለው መርዝ አለውና።

የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ታምቡሩን ስትከፍቱ ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት፤ በውሃና በሳሙና አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁንም በላስቲክ አሽጋችሁ አስወግዱ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ሥሩ፣ ጭምብልም አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ።

ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት አትበይዱ። ቅሪቱ በብየዳው ሙቀትና ጨረር ሲፈርስ ፎስጂን ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ በጦርነት መርዝነት ያገለገለ ነው። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ መጀመሪያ ዚንኩን በግራይንደር አንሱት። ባዶ የነዳጅ ታንክ ደግሞ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፣ በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ይፈነዳልና። በቤት ውስጥ የነዳጅ ታንክ አይበየድም። የተበሳ ከሆነ አዲስ ግዙ፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ለተዘጋጀ ባለሙያ ስጡት።

እሳት ማጥፊያው በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሰቀል እንጂ መኪናው ውስጥ አይቀመጥ።

3. እየመዘገባችሁ ፍቱ

አንድም ብሎን ሳይፈታ በፊት የመኪናውን ዙሪያ፣ ሳሎኑን፣ የሞተር ክፍሉን፣ የሽቦዎቹን መሄጃ ፎቶ አንሱ። ፎቶ ሲበዛ አይጎዳም፤ ከቅርብ ብቻ ሳይሆን ራቅ ብላችሁም አንሱ። ከወራት በኋላ ያ ቁራጭ ብረት የት አካባቢ እንደነበር የሚነግራችሁ ከራቀ ቦታ የተነሳው ነው።

ለእያንዳንዱ የተፈታ ክፍል አንድ የላስቲክ ከረጢት፣ በከረጢቱም ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ካርድ ይኑር። በከረጢቱ ላይ በማርከር የተጻፈው በዘይትና በቤንዚን ይጠፋል። ካርዱ ላይ «የግራ በር ማጠፊያ፣ የላይኛው፣ 3 ብሎን፣ አንዱ አጭር» ብላችሁ ጻፉ። «በር» ብቻ ያለው ካርድ አይጠቅምም። የተሰበረውንም የዛገውንም አትጣሉ፤ አዲሱ ዕቃ እስኪመጣና እስኪገጥም ድረስ ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው።

አልፈታ ያለ ብሎን ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ይፈልጋል። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ንፉበትና አሳድሩት፤ በማግሥቱ ራሱን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው እያላችሁ አወዛውዙት። ካልሆነ ዳዶውን በእሳት አሙቁ፤ ይህን የምታደርጉት ግን ነዳጅ፣ ጎሚኒና ሽቦ በሌለበት ብቻ ነው።

የምመክረው ነገር አለ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትበትኑ። መኪናው የሚንከባለል ሆኖ የቆየበት እድሳት ይጠናቀቃል። የፊት ፍሬንና መሪውን ጨርሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ሂዱ።

4. የብረት ሥራ

ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ የሚወስድ፣ ከሁሉ በላይም የሚያስተምር ክፍል ይህ ነው።

ትናንሽ ዕቃዎችን ከዝገት ለማጽዳት ሁለት ርካሽ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሟሙቶ ዕቃው ለሰዓታት ይነከራል፣ ከዚያ ሶዳ በተሟሟበት ውሃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ነው። የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ይሟሟል። የዛገው ዕቃ በባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሊበላ የተፈረደበት ተራ ብረት በፖዘቲቩ ላይ ይታሰራሉ፤ ሁለቱ አይነካኩም። ለፖዘቲቩ የማይዝግ ብረት ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ወደ ውሃው ይለቃል። ሥራው ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ደጅ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት ቻርጀሩን አጥፉ። ስፕሪንግና የጠነከሩ ብሎኖች በሁለቱም መንገድ አይጸዱ፤ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ በድንገት የሚሰበር ያደርገዋል። እነሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ።

አሁን ወደ ቦዲው። የበር ደፍ ወይም ወለል ከመቁረጣችሁ በፊት አካሉን እሰሩት። መኪናው ተስተካክሎ በካቫሌቶ ላይ ይቀመጥ፤ ካቫሌቶው ከሚቆረጠው ቦታ ሥር ሳይሆን ከጎማ ተሸካሚዎቹ አጠገብ ይሁን። በሩን አውልቃችሁ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ የብረት ቱቦ በአግድምና በሰያፍ ለጊዜው በይዱ። ከማእዘን ወደ ማእዘን ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ፤ የግራና የቀኙ እኩል መሆን አለበት። አንድ ጎን አልቆ በሩ ገጥሞ ክፍተቱ ሳይታይ ሌላው ጎን አይቆረጥም። ቢትልም ቢሆን ቦዲው ከወለሉ የሚነሳው የበር ደፎቹ ጤነኛ ከሆኑ ወይም በቱቦ ከታሰሩ በኋላ ነው፤ አለዚያ ሲነሳ ይጠማዘዝና በሮቹ ዳግመኛ አይገጥሙም።

የበሰበሰውን ስትቆርጡ አትሳሱ። ጉድጓዱ የጣት ያህል ቢሆንም በዙሪያው ያለው ላሜራ ከኋላው ሳስቷል፤ ብልጭ የሚል ሙሉ ውፍረት ያለው ብረት እስክታገኙ ሂዱ። መብሳት የሚጀምረው ቀጭን ብረት ላይ ብየዳ አይያዝም። ከዚያ ምትኩን መጀመሪያ በካርቶን ቅደዱ፣ እስኪገጥም አስተካክሉ፣ ከካርቶኑ ወደ ላሜራ ገልብጡ። ለአብዛኛው የቦዲ ሥራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይበቃል።

ለቀጭን ላሜራ የሚመቸው በጋዝ እየተከለለ በኤሌክትሪክ የሚበይድ ሚግ መበየጃ በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። ቁራጩን በጥቂት ነጥቦች ያዙ፤ ከአንድ ነጥብ ወደሚቀጥለው ሳይሆን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ ነጥብ ጨምሩ። በእጅ ሊነካ እስኪችል ካልቀዘቀዘ አጠገቡ ሌላ ነጥብ አይጨመር። በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር የሚበይድ ሰው ላሜራውን ያንሻፍፈዋል፣ የተንሻፈፈውንም በስቱኮ ለመሸፈን ይገደዳል። ከመጀመራችሁ በፊት ከመኪናው ላይ በቆረጣችሁት የማይረባ ላሜራ ተለማመዱ፤ ውፍረቱ ያው ስለሆነ ከሱ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ብየዳ ሲጀመር የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ የዲናሞውም እንዲሁ። የማሽኑ ማሳ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ገመድ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ እንጂ በኩሽኔታ ውስጥ አያልፍ። የነዳጅ ታንኩና ቱቦው ይወጣል። ወለሉ ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈው ሬንጅ በቀላሉ ይቀጣጠላልና ከኋላም ከፊትም ተፍቆ ይነሳ። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አብራችሁት ቆዩ፤ በጨርቅና በወንበር ሙሊት ውስጥ የሚጨስ እሳት ሰው ከሄደ በኋላ ነው የሚነሳው።

ሁለት ላሜራ በሚደራረብበት ቦታ፣ ከመበየዱ በፊት ሁለቱም ፊቶች ዚንክ ያለው የብየዳ ፕራይመር (መነሻ ቀለም) ይቀቡ። ባዶው ብረት በተገኘበት ቀን ደግሞ ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባ፤ የጣት ላብ እንኳ በአንድ ሌሊት ዝገት ይጀምራል።

5. ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ

መኪናው በራሱ ኃይል ከመንቀሳቀሱ በፊት መቆም መቻል አለበት። ስለዚህ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያጓጓ ፍሬኑ ይቅደም።

ለዓመታት የቆመ መኪና ፍሬን ላይ መቆጠብ አይቻልም። ዋናው የፍሬን ፖምፓ፣ በየጎማው ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ ተጣጣፊ ጎማ ቱቦዎች፣ የብረት ቱቦዎች ሁሉ ይቀየራሉ። ተጣጣፊው ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመልሰውም፣ ጎማውም እንደተያዘ ይቀራል። ለብረት ቱቦው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ምረጡ፤ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ፍሬናቸው በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፤ ይህን ማወቅ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ የምትሰጡትን ትኩረት ይለውጠዋል።

የፍሬን ዘይት ዶት 4 ለአብዛኞቹ ይስማማል። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክፍት የቆየ ጠርሙስ አይጠቅምም፣ በየሁለት ዓመቱም ይቀየራል። ቀለም ስለሚልጥ ጠብ ያለበትን ወዲያው በውሃ እጠቡ። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ የፍሬን ጎሚኒ ከነካ ጎሚኒው ያብጣል፤ ሲገጠም የሚቀባው ለፍሬን የተዘጋጀው ቅባት ወይም የፍሬን ዘይቱ ራሱ ነው።

ከፍሬኑ ውስጥ አየር ሲወጣ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ ከዋናው ፖምፓ ከሁሉ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። ሲያልቅ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ። እየሰመጠ ከሄደ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ውጭ ላይ ጠብታ ካልታየ ደግሞ በዋናው ፖምፓ ውስጥ እያለፈ ነው።

መሪው ላይ የኳስ መጋጠሚያዎችን አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው በእጁ እየዳሰሰ ይፈትሽ። የላላ አይጠጋገንም፤ ይቀየራል።

ጎማ ሲታይ ጥርሱ አያታልላችሁ። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የእ.ኤ.አ. 2019 23ኛ ሳምንት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለ ጎማው ከእ.ኤ.አ. 2000 በፊት የተሠራ ነውና ለመግፊያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

6. ሞተሩ

የቆመን ሞተር በሞተሪኖ ወይም በመጎተት ለማስነሳት መሞከር ከሁሉ የከፋ ጅምር ነው። ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዞ ከሆነ ይሰበራል፤ የተጣበቀ ቫልቭም የሚገፋውን ዘንግ ያጣምማል። በምትኩ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየቀዳዳው ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጨምሩ፣ ለቀናት ተዉት። ከዚያ ክራንክ ሻፍቱን በዳዶው ላይ በረጅም መፍቻ ቀስ ብላችሁ ወደፊትም ወደኋላም አወዛውዙ። የትንሽ ዲግሪ እንቅስቃሴ ከተገኘ ይበቃል፤ ዘይት ጨምራችሁ በማግሥቱ ተመለሱበት። ጨርሶ እንቢ ካለ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይወረድ።

መዞር ከጀመረ በኋላ አሮጌውን ዘይት ቀይሩና ኮምፕረሽኑን ለኩ፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የካርቡራተሩ አየር ማስገቢያ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይናገራል፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው ያለቀው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ይህች ቀላል ፈተና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ያለበትና የሌለበት መሆኑን ትወስናለች። ሳይለኩ ሞተር መፍታት ጤነኛውን ማሳመም ነው።

ቢትል ላይ መሠረታዊ ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲና (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ዘይት 2.5 ሊትር። በፋብሪካው አሠራር ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው ዘይቱ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውንም ማራገቢያ የሚያዞር ስለሆነ፣ እየነዳችሁ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ቁሙ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ነዳጅ ላይ ሦስት ነገር አለ። የድሮ የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች ኤታኖል ያለውን የዛሬ ቤንዚን አይቋቋሙም፤ ይሰነጠቃሉ፣ ይቀልጣሉም፤ ሁሉም ኤታኖል በሚችል ቱቦ ይተኩ። በቢትል ከዲስትሪቢውተሩ በላይ የሚያልፈው አጭር ቱቦ ብዙ መኪኖችን አቃጥሏልና ከሁሉ ቀድሞ እሱ ይቀየር። ሁለተኛ፣ የታንኩ ውስጥ ዝገት ካልጸዳ ካርቡራተሩን ስታጸዱ ትኖራላችሁ። ሦስተኛ፣ የድሮ መኪኖች እርሳስ ላለው ቤንዚን ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ካቆመች ወዲህ ደግሞ በዓለም ላይ ይህን ቤንዚን በማደያ የሚሸጥ አገር የለም። የብረት ቴስታታ ያላቸውና የቫልቭ መቀመጫቸው ያልጠነከረ ሞተሮች በረጅም ፍጥነት ጉዞ መቀመጫው ይበላባቸዋል። ቴስታታው ለሌላ ሥራ ከወረደ በዚያው የጠነከረ መቀመጫ ይግባበት፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ ግን ደህና ሞተር አይፈታም።

7. ቀለም

ከቀለም በፊት መኪናውን ግጠሙት። በሮች፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ መብራቶች፣ መከላከያው፣ ሁሉም ተገጥመው ክፍተታቸው ይስተካከል። የማይገጥም ነገር የሚመታው፣ የሚፈገፈገውና የሚበሳው አሁን ነው።

ስቱኮ የሚለቀለቀው በኤፖክሲው ላይ ነው፣ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ከዚያ በላይ የጠለቀ ጉድጓድ በመዶሻ ይነሳ። ረጅም መፈግፈጊያ እንጨት ላይ የታሰረ ባለ80 የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 320 ተጠቀሙ፤ በባዶ እጅ መፈግፈግ ጣት ያረፈበትን ያጎደጉዳል። ፕራይመር ከተነፋ በኋላ ጥቁር ቀለም በስሱ አርከፍክፉበትና በ400 ከዚያ በ600 በውሃ ፈግፍጉ። ጥቁሩ የቀረበት ነጥብ ጎድጓዳ ነው፤ አስቀድሞ የጠፋበት ደግሞ ጉብታ። ዓይን በደብዛዛ ፕራይመር ላይ የማያየውን የሚያብረቀርቅ ቀለም ሁሉ ያወጣዋል።

የመጨረሻውን ንፊያ በቤት እንድትሠሩ አልመክርም። ባለሁለት ቅልቅል ቀለሞች ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ የሚያስተማምነው ከውጭ ንጹህ አየር የሚቀርብበት ጭምብል ነው። ዝግጅቱን፣ ማለትም የሥራውን አብላጫ፣ ራሳችሁ ጨርሱና መኪናውን የመቀቢያ ክፍል ላለው ሰው ውሰዱት።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በበር ደፍ፣ በበሮች ውስጥና በሻንሲ ክፍተቶች ውስጥ ሁሉ የዝገት መከላከያ ሰም በረጅም ቱቦ ይረጭ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በሰም እንዳይደፈኑ በሽቦ ክፈቷቸው። ይህን የዘለለ እድሳት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ተነሳበት ይመለሳል።

8. ሽቦ፣ መስታወት፣ ሳሎን

ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም በየቦታው የተቀጠለ የሽቦ ስብስብ በሙሉ ይቀየራል፤ አዲሱ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ከጎኑ ተዘርግቶ ይመሳከር። የኤሌክትሪክ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው ብረት ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ጠርጥሩ። ማሳ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት፤ አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና መብራቱ የሚደክመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መብራቱን አብርታችሁ በቴስተር ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ እንቅፋት አለ።

በ6 ቮልት የሚሠሩ መኪኖች ላይ ይህ ይብሳል። 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ሲወስድ በ6 ቮልት 7.5 ይወስዳል፣ ስለዚህ ትንሿ ዝገት ይበልጥ ትጎዳለች። ወደ 12 ቮልት ከመቀየራችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አጽዱና እዩት፤ ላያስፈልግ ይችላል። ብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው። ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

የፊት መስታወቱን ለመግጠም አዲሱን ጎሚኒ በመስታወቱ ዙሪያ አልብሱት፣ በጎሚኒው ጉድጓድ ውስጥ ጠንካራ ገመድ አዙሩና ጫፎቹን በታች መሃል አገናኙ። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ገመዱን ይሳብ፤ የጎሚኒው ከንፈር እየተገለበጠ ይቀመጣል። የወንበር ስፌትና የክሮም ልበጣ የሌላ ሙያ ናቸው። ክሮሙ ላይ ቀላል ዝገት ብቻ ካለ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል በውሃ አርጥቦ ማሸት ይበቃል።

9. የመጀመሪያው ማስነሳትና የመጀመሪያው ጉዞ

ካንዴላዎቹ ወጥተው የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ወይም መለኪያው እስኪንቀሳቀስ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩ፤ ዘይት ወደ ኩሽኔታዎቹ ሳይደርስ ሞተር መነሳት የለበትም። ሞተሪኖውም እንዳይግል ከአሥር ሰከንድ በላይ አትያዙት። ከዚያ ካንዴላዎቹ ይገጠሙ፤ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፣ አንዱ ያስነሳ። ሲነሳ የመጀመሪያው የምታዩት የዘይት ግፊት፣ ቀጥሎ የነዳጅ መፍሰስ ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነና ቫልቭ ገፊው ጠፍጣፋ ከሆነ ሞተሩ ሥራ ፈት ሆኖ እንዲዞር አትተዉት፤ ለ20 ደቂቃ በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያለ ይሥራ፤ ዘይቱም ዚንክ የበዛበት ይሁን። ካምሻፍትና ገፊው የሚላመዱት በዚያች ጊዜ ነው።

መጀመሪያ በተዘጋ ግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት እየነዳችሁ ደጋግማችሁ ፍሬን ያዙ። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ መንገድ አትውጡ። አጭር ጉዞ ነድታችሁ ስትመለሱ እጃችሁን ወደ አራቱ ቸርኬዎች ሳትነኩ አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። የጎማ ብሎኖቹን ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ በቶርክ መፍቻ ድገሙ፣ አዲስ ቀለም ሥራቸው ሲደቅ ይላላሉና። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀይሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን እንደገና ለኩ፣ በፍሬን ቱቦ መጋጠሚያዎች ሁሉ ዙሪያ ደረቅ ነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ እርጥበት መኖሩን እዩ። ከዚያ በኋላ መኪናውን አታስቀምጡት፤ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ፣ ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪደርቅ ድረስ ንዱት።